ጤፍ የለመደ እጅና አንዲት ፈርን፦ የደብረ ማርቆስ ሳሎን የጉዳይ ጥናት

ፈርን የምትባለዋን የቤት ተክል የገዛኋት ባሕር ዳር ነው፤ ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ገና እንዳበቃ። ሐይቁ አካባቢ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ ልጅ «ቦስተን ፈርን ናት፤ ሳሎን ውስጥ ዝም ብላ ታድጋለች፣ አታስቸግርም» አለኝ። 23 ቅጠል ነበራት። ፈርን ላይ አንድ ቅጠል የሚባለው ላባ የሚመስለው ረጅሙ ነገር በሙሉ ነው፤ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ትንንሾቹ የዚያው የአንዱ ቅጠል ክፋዮች ናቸው። የቆጠርኩት ሚኒባሱ እስኪሞላ ስጠብቅ ሥራ ስላጣሁ ነው። በኋላ ግን ቁጥሩ ጠቀመኝ።

ስጦታ ናት። ደብረ ማርቆስ ያለችው አክስቴ ሳሎኗን አሳድሳ «ምርቃቱ ላይ ባዶ እጅህን እንዳትመጣ» ብላኝ ነበር። ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ጭኔ ላይ አድርጌ ወሰድኳት። ፍኖተ ሰላም ላይ ምሳ ስንበላ እንኳ ከመኪናው አውርጄ አጠገቤ አስቀመጥኳት። አክስቴ ስታያት እልል አለች። ቀጥላ «ለቄጤማም ትሆናለች» ስትል ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

በገና ስመለስ ለቄጤማ የሚበቃ ቅጠል አልቀረም። ከ23ቱ 4 ብቻ አረንጓዴ ነበሩ፤ ከአራቱም ሁለቱ ጫፋቸው ነዷል።

በሁለቱ ጊዜያት መካከል የሆነውን ከስልክ ንግግራችንና በቴሌግራም ከላከችልኝ ፎቶዎች ለቅሜ ላስቀምጠው። አክስቴ የጎዛምን ገበሬ ልጅ ናት። አትክልት አትችልም የሚላት ቢኖር ጓሮዋን አላየም፤ ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ጌሾው፣ ጤና አዳሙ ሁሉ ያምርላታል። ፈርኗን በተቀበለች በሦስተኛው ቀን «ቤቷ ጠበባት» ብላ አዛወረቻት። 20 ሊትር የሚይዝ የቀለም ባልዲ አጠበች። ከጓሮዋ ጥሩውን ጥቁር ዋልካ አፈር ሞላችበት። እበት ጨመረችበት፤ ትኩሱን። ባልዲውን አልበሳችውም፤ ውሃው ፈስሶ አዲሱን ቡፌ እንዳያበላሽባት ነው። ከዚያ ቡፌው ላይ፣ በቴሌቪዥኑና በሠርግ ፎቶዋ መካከል አስቀመጠቻት። ቡና የሚፈላው እዚያው ቡፌው ሥር ነው።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ቅጠሏ መገርጣት ጀመረ። ደወለችልኝ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ባልዲው ቀዳዳ እንዳለውና እንደሌለው ሳልጠይቅ «ፈርን እርጥበት ይወዳል፤ አፈሩ እንዳይደርቅ» አልኳት። የትም የሚነበብ ምክር ነው፤ ውሸትም አይደለም። እሷ ግን የሰማችው «አጠጪ» የሚለውን ነው። ጠዋት አንድ ጣሳ፣ ማታ አንድ ጣሳ። ባሰባት። ጎረቤት መጥታ አየቻትና «ይቺማ ማዳበሪያ ያንሳታል» ብላ ከስንዴ የተረፈ ዩሪያ አንድ እፍኝ በተነችባት። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ለሰፊ ማሳ የታሰበ ነገር አንድ ባልዲ ውስጥ ሲገባ ጨውነቱ ውሃ ወደ ሥሩ ከመግባት ይልቅ ከሥሩ እንዲወጣ ያደርጋል። በአንድ ሳምንት ውስጥ የቅጠሎቹ ጠርዝ ቡና ዓይነት ሆነ።

በገና ማግስት ባልዲውን ግቢ አውጥተን ገለበጥነው። ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዋልካ እንዲህ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ አብጦ ይገጥማል። አክስቴ ስንጥቁን እያየች «ጠማት» ብላ ታጠጣለች፤ ውሃው በስንጥቁና በባልዲው ግድግዳ በኩል ሽው ብሎ ይወርድና ታች ይጠራቀማል። ከሥር አራት ጣት የሚሆን ጥቁር ውሃ ነበር። ሽታውን አልገልጸውም። የአክስቴ ልጅ አፍንጫውን ይዞ ሸሸ። ሥሮቹ ጥቁር ናቸው። ሳብ ስታደርጋቸው ልጣቸው እጅህ ላይ ይቀራል፤ ከውስጥ ክር የመሰለ ነገር ብቻ ይተርፋል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሥር ይተነፍሳል። አፈሩ ውሃ ብቻ ሲሆን አየር ያጣና ይሞታል። የሞተ ሥር ደግሞ አይጠጣም። ቅጠሉ እንግዲህ ውሃ መሐል ቆሞ በጥም ይደርቃል፤ ከላይ ሲያዩት ውሃ ካጣ ተክል ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ሰው ይጨምራል። አክስቴም የጨመረችው ስለምትሳሳላት ነው።

ሥሩን በለብታ ውሃ ስናጥብ ነው ያልጠበቅነውን ያየነው። ከጥቁሩ ክር መሐል ድቡልቡል ነገሮች ተንጠልጥለዋል፤ ከሽንብራ እስከ ብይ የሚያህሉ፣ ቡናማ ጸጉር ቢጤ ያለባቸው። «ይኸውልህ! ዕጢ ነው» አለች አክስቴ። እኔም ደንግጫለሁ። የቲማቲምና የድንች ሥር ላይ በዓይን በማይታይ ትል የሚመጣ እብጠት አለና እሱ መሰለኝ። አንዱን በጥፍሬ ሰነጠቅሁት። ነጭ ነው፤ ጠንካራ ነው፤ ውሃ ያቀረ ነው። የበሰበሰ ነገር እንዲህ አይነጣም።

ለካስ ልጁ የሸጠልኝ ቦስተን አይደለችም። ቦስተን ፈርን ኔፍሮሌፒስ ኤግዛልታታ የሚባለው ዝርያ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1894 ከፊላደልፊያ ወደ ቦስተን አካባቢ በተላከ ጭነት ውስጥ ቅጠሉ ከሌሎቹ የተለየና ዘንፋላ የሆነ አንድ ተክል ስለተገኘ ነው። ሥሩ ላይ እንዲህ ያለ እንክብል አይዝም። የሚይዘው የቅርብ ዘመዱ ኔፍሮሌፒስ ኮርዲፎሊያ ነው፤ አገሩ እስያና ሰሜን አውስትራሊያ ነው። እንክብሉ የውሃ ጎተራው ነው። ከእንክብሉም አዲስ ተክል ይወጣል። በዚህ ጥንካሬው አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ከግቢ አምልጦ ጫካ የወረረ መጤ አረም ሆኗል። ለእኛ ግን የዚያን ዕለት ደግ ዜና ነበር። ሥሩ በስብሶ ተክሏ ያልሞተችው ጎተራዋ ስላልተነካ ነው። ልጁ ሳያውቅ የተሻለችውን ሸጦልኛል። እውነተኛዋን ቦስተን ሰጥቶኝ ቢሆን ይህን የምጽፈው ስለ ቀብር ነበር።

አክስቴ እንክብሎቹን እያገላበጠች ዝም ብላ ቆየች። «እኔኮ ያደረግሁላት ሁሉ ለጤፍ የሚደረገውን ነው» አለች።

እንደሱ ነው። ጤፍ ዋልካ ላይ ይሆናል፤ ውሃ ያቆረ መሬት እንኳ ከብዙ እህል በተሻለ ይችላል። እበቱም ዩሪያውም ያሳምረዋል። ጎጃም ውስጥ አድጎ ጥሩ አፈር ማለት ይህ ነው ብሎ የማያምን የለም። የሞቃት አገር ፈርኖች ግን ከማሳ አልመጡም። ብዙዎቹ የሚኖሩት ዛፍ ቅርፊት ላይ፣ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ፣ የጫካ ወለል ላይ ባለ የበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ነው። ሥራቸው ቀጭንና ጥልቀት የሌለው ነው። ምግባቸው ትንሽ ነው፣ ውሃው ይመጣል ይሄዳል፣ አየሩ ግን ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ለአክስቴ ያስረዳኋት በጢስ ዓባይ ነው፤ አንድ ጊዜ አብረን ሄደናል። «ፈርን የምትፈልገው ፏፏቴው የሚረጨው ጉም የሚያርፍበትን ቦታ ነው። አንቺ የከተትሻት ወንዙ ውስጥ ነው» አልኳት። ሳቀች። ስልክ ላይ ይህን ብላት ኖሮ ሁለት ወር ባተረፍን።

ወደ ማዳኑ ልሂድ። የበሰበሰውን ሥር ሁሉ በመቀስ ቆረጥን፤ የደረቁትን ቅጠሎች ከሥራቸው አነሳን፤ እንክብሎቹን አልነካንም። አፈር ላይ ትንሽ ተከራከርን። እኔ ከአድባራቱ ጫካ ሥር የሚገኘውን የበሰበሰ ቅጠል አስቤ ነበር፤ ጎጃም ውስጥ ከእሱ የሚበልጥ የጫካ አፈር የት ይገኛል? አክስቴ «የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ሥር አፈር ልትዝቅ? እግዜር ይይልህ!» ብላ አስቆመችኝ። ትክክል ነች። ከራሷ አጥር ጥግ፣ ለዓመታት ከተከማቸ የግራዋና የአቮካዶ ቅጠል ሥር ጥቁሩን ቡን የሚል አፈር ጠረግን። ባሕር ዛፍ ሥር ያለውን አልነካንም፤ ዘይቱ ለሌላ ተክል አይመችም። የቅጠል አፈሩ ሁለት እጅ፣ የታጠበ አሸዋ አንድ እጅ፣ ግማሽ እጅ ደግሞ ሽንብራ የሚያክል የከሰል ስባሪ። ከሰሉ ከአዊ የሚመጣው የዲከረንስ ዛፍ ነው፤ ከቡና ምድጃው ጆንያ ሥር የተረፈው ደቃቅ። ከሰል ድብልቁን ያላላዋል፣ አየር ያስገባለታል። ጭብጥ አድርገህ ስትጨምቀው ውሃ ጠብ ብሎ እጅህን ስትከፍት ከፈረሰ ደህና ነው። እንደ ሊጥ ከተጣበቀ አሸዋ ጨምርበት።

ዕቃውም ተቀየረ። ከገበያ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ገዛን፤ ከተረፈው ሥር በሁለት ጣት ብቻ የሚሰፋ። ቂጡን በሚስማር ስበሳው አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች። «አዲስ ማሰሮ ሲበሳ ያየሁት ገና ዛሬ ነው» አለች። ለቡፌው ደግሞ ከሥር ሰሃን አደረግንለት፤ ጠብ ያለውን ውሃ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መድፋት ብቻ ነው።

ከዚያ ማሰሮውን በሙሉ ቀዳዳ በሌለው ትልቅ ግልጽ ፌስታል ሸፈንነው፤ ፌስታሉ ቅጠሉን እንዳይነካ ሦስት እንጨት ሰክተን። ይህ የእኔ ብልሃት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1829 ናትናኤል ዋርድ የሚባል የለንደን ሐኪም የእሳት እራት ለመሆን በሽፋኗ ውስጥ ያለች ትል ከእርጥብ አፈር ጋር ጠርሙስ ውስጥ ዘግቶ ሳለ ፈርን በቀለችለት። የከሰል ጭስ በሞላበት ከተማ ግቢው ውስጥ ሊያሳድጋቸው ደክሞ ያልተሳካለት ተክል፣ በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ማንም ሳይነካው ለማ። ከቅጠሉ የሚተነው ውሃ መስተዋቱ ላይ ተጠራቅሞ ተመልሶ ይወርዳል። ሥር የሌላት ተክል የሚያስፈልጋት ይኸው ነው፤ መጠጣት እስክትችል ድረስ ብዙ እንዳይተንባት። በየሁለት ቀኑ ፌስታሉን ለጥቂት ደቂቃ እየከፈትን አየር ሰጠናት። ውሃ? በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ። ማዳበሪያ እስከ ግንቦት ድረስ ክልክል ሆነ።

ቦታዋም ከቡፌው ወረደ። ባልዲውን ከማንሳታችን በፊት አንድ ነገር አይቼ ነበር፦ በምድጃው በኩል ያሉት ቅጠሎች እንደ ቆሎ ተንኮሻኩሸዋል፤ በግድግዳው በኩል ያሉት ግን ቢጫ ናቸው እንጂ ለስላሳ ናቸው። ቢጫው የሥሩ ነው። መንኮሽኮሹ ግን በቀን ሦስቴ ከበታቿ የሚነሳው የከሰል ወላፈን ነው። ወደ ምሥራቁ መስኮት፣ ከስስ መጋረጃ ጀርባ ወሰድናት። ብርሃኑን የለካሁት በእጄ ነው፤ ቅጠሉ ላይ የእጄ ጥላ ደብዘዝ ብሎ ከታየ ልክ ነው፣ ጥርት ብሎ ከተቆረጠ ፀሐዩ በዝቷል። ከ2,400 ሜትር በላይ ባለ ከተማ የቀትር ፀሐይ ቀልድ አይደለም። ጭራሽ ጥላ ካልታየ ደግሞ ጨለማ ነው፤ ቡፌው ላይ እንደሱ ነበር።

ጥር መጨረሻ ላይ አክስቴ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ጽሑፍ የለውም። ከአፈሩ መሐል እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል የተጠቀለለ፣ ጸጉራም፣ ጥፍር የማያህል አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል። አዲስ የፈርን ቅጠል ሲወለድ እንዲህ ነው፤ ተጠቅልሎ ይወጣና ቀስ እያለ ይዘረጋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የድምፅ መልእክት መጣ፤ «ወለደች!»

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። የካቲትና መጋቢት መጡ። የደብረ ማርቆስ በጋ ሌሊት ያንቀጠቅጣል፣ ከሰዓት ከንፈር ይሰነጥቃል። ፌስታሉ ተነስቶላት ስለነበር የአዳዲሶቹ ቅጠሎች ጫፍ ይደርቅ ጀመር። አክስቴ ደነገጠችና እጇ ወደ ጣሳው ሄደ፤ መልሳ ደግሞ ስልክ አነሳች። «ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ ስደጂ» አልኳት። «እርጥብ ነው።» «እንግዲያው የጠማት አየሩ ነው እንጂ ሥሯ አይደለም።»

ውሃ በአፏ እየያዘች እፍ ትልባት ጀመር፤ ልብስ ሲተኮስ እንደሚደረገው። ጉዳት የለውም፤ ግን በደረቅ አየር በሩብ ሰዓት ተንኖ ያልቃል። ማሰሮዋን ውሃ በያዘ ጠጠር ላይ ማስቀመጥ ትንሽ ረዳ፤ ብዙ ግን አይደለም። የሠራው ሻወር ቤት ነው። ትንሽ መስኮት አለው፣ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ በየቀኑ ሰው ይታጠብበታል፣ ምድጃ የለበትም።

ጠቡ የተነሳው በዚህ ነው። «ለሳሎኔ ያመጣህልኝን ስጦታ ሽንት ቤት ላስቀምጥ? እንግዳ ምን ይለኛል?» አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ። በመጨረሻ ራሷ መላ አመጣች፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሻወር ቤት፣ ቅዳሜና እሁድ እንዲሁም በዓል ሲሆን ሳሎን፣ ከምድጃው ማዶ። እኔ ተክል ሲመላለስ አልወድም። ግን ሁለት ቀን በደረቅ አየር አይገድላትም፤ አክስቴም ደስ ሳይላት የምታሳድገው ነገር የለም። ተስማማን።

ማጠጫውም ተለወጠ። የቧንቧው ውሃ የክሎሪን ሽታው እንዲወጣ በክፍት ባልዲ ያድራል፤ ዝናብ ሲጀምር ደግሞ ከቆርቆሮው የሚወርደውን ታጠራቅማለች። ግንቦት ላይ ከበሰለ ኮምፖስት የተጨመቀ፣ ስስ ሻይ የሚመስል ውሃ በወር አንዴ ጀመረች። ዩሪያዋን ጎረቤቷ ወደ ማሳዋ መለሰች።

ሰኔ ላይ ሌላ ሽብር መጣ። በአንድ ትልቅ ቅጠል ጀርባ ቡናማ ነጠብጣብ ታየ። አክስቴ «ቅማል ፈላባት» ብላ የሳሙና ውሃ በጥብጣ፣ ጨርቅ ይዛ ልትፈትግ ስትል ነው ፎቶውን ያየሁት። ጮህኩ። ነጠብጣቦቹ በእያንዳንዱ ትንሽ ክፋይ ጀርባ ግራና ቀኝ በተርታ የተሰለፉ ናቸው፤ ልክ በክር የተለኩ ይመስላሉ። ተባይ እንዲህ ሰልፍ አይዝም። ቅርፊት መሳይ ተባይ ሲሆን እዚህም እዚያም በግንዱም ላይ ይጣበቃል፣ ቅጠሉ እጅ ላይ ያጣብቃል፣ በጥፍር ሲጫር ብድግ ይላል። ይኸኛው ግን የፈርኗ ዘር ማፍሪያ ነው። ፈርን አበባም ፍሬም የላትም፤ ከነዚህ ነጠብጣቦች አቧራ የመሰለ ነገር ይረግፋል፣ እርጥብ ቦታ ሲያገኝ ልብ የሚመስል ከጥፍር የሚያንስ አረንጓዴ ነገር ይሆናል፣ አዲሷ ፈርን ከእሱ ላይ ትበቅላለች። ያ እንዲሆን ስስ የውሃ ሽፋን የግድ ነው፤ የወንዴው ሕዋስ የሚሄደው ዋኝቶ ነውና። ኔፍሮሌፒስ የሚለው ስም ራሱ ከግሪክ ኩላሊትና ቅርፊት ከሚሉ ቃላት የመጣ ነው፤ ነጠብጣቡን የሚሸፍነው ነገር የኩላሊት ቅርፅ ስላለው። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ አየችና «ኩላሊት ሳይሆን ምስር ክክ ነው የሚመስለው» አለች። እሷ ልክ ሳትሆን አትቀርም።

ክረምቱ ላይ አንድ ቀን በስተቀር ችግር የለም። ሐምሌ ላይ «ዝናብ ትጠጣ» ተብላ ደጅ ወጥታ በረዶ ወረደባት፤ ስድስት ቅጠል ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ከቆርቆሮው ክዳን ሥር እንጂ አልወጣችም።

መስከረም ላይ ለእንቁጣጣሽ ሄድኩ። ቆጠርኳት፤ 31። ማሰሮው ሞልቶ ክር የመሰሉ ቀጫጭን ሯጮች በጠርዙ ተንጠልጥለው አፈር ይፈልጋሉ። አክስቴ ሳትጠራኝ አንዱን ጎን በቢላ ከፍላ፣ እያንዳንዱ ክፋይ ሁለት ሦስት እንክብል እንዲደርሰው አድርጋ፣ አምስት ቦታ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ጎረቤቶቿ ተሰልፈዋል። የዩሪያዋ ባለቤት የመጣችው የሚያምር የፕላስቲክ ማስቀመጫ ይዛ ነው። አክስቴ ተቀብላ ገለበጠችው፣ ቂጡን በጣቷ ዳሰሰች፣ መልሳ ሰጠቻት።

«ሂጂ በስተሽው ነይ» አለቻት። «ሚስማሩ ከበሩ ጀርባ አለልሽ።»